ቤታችን ድንጋይ ተብሎ ተጻፈ

ሲሳዬ፣

ደብዳቤ ሲጀመር የተቀባዩ ጤና ይጠየቃል ብለው አስተምረውናል። የአንተን ጤና ብጠይቅ ግን አንተው ትስቅብኛለህ፤ ስለዚህ እዘለዋለሁ። ያለህበትን የሚያውቅ አንድዬ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ብቻም አይደለሁም። ሰሞኑን ከቆቦ ሴት ሁሉ አንገቷን ቀና አድርጋ የምትሄደው ማን ናት ብለው ቢጠይቁህ፣ ብርቄ ናት፣ የኔዋ ብርቄ በላቸው።

ወባዋ ከእጃችን ነጥቃ ከወሰደችህ አራተኛው ክረምት እየወጣ ነው። ማሽላው እሸት ሊይዝ ደርሷል። ወፍ ጠባቂው ማማው ላይ ሆኖ ወንጭፉን ሲያጮህ እዚህ ቤት ድረስ ይሰማል፤ በሰማሁት ቁጥር ለአጨዳ ወርደህ መጀመሪያ ያየሁህ ቀን ትዝ ይለኛል። ደግሞ ይህን ማን ጻፈላት ብለህ እንዳትቀና። የጻፍኩት እኔው ነኝ። አንተ ከሄድክ በኋላ መሠረተ ትምህርት ገባሁ። ያልተማረ ሰው ከቀበሌው ሱቅ ስኳር አይሸጥለትም ተብሎ ስለተወራ፣ እውነቱን ልንገርህና ሀ ሁን የጀመርኩት ለስኳር ብዬ ነው። ወሬው ውሸት ሆኖ ተገኘ፤ ፊደሉ ግን ቀረልኝ።

ስለ ቤት ልንገርህ። ልጃችን ዓለም ስድስተኛ ክፍል ገብታለች። ቁመቷ ያንተ ነው፣ ግትርነቷም ያው ያንተ ነው፤ እኔ የሰጠኋት ሳቋን ብቻ መሰለኝ። የተከልከው ሎሚ አፍርቶ ጎረቤቱ ሁሉ ይለቅመዋል። ከአህዮቹ ዳልቻን ብቻ አስቀርቻለሁ። አርጅታ ምንም አትሠራም፣ ግን ወደ ጎሊና ወንዝ በሚወስደው መንገድ በኩል ስናልፍ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ትቆማለች። ድንጋይ ልጭንባት መስሏት ይሆናል።

ድንጋይ ካልኩ ዘንዳ ወደ ነገሬ ልግባ። ቤታችን ተገመተ፣ ሲሳዬ። ከደሴ ድረስ ገማች መጥቶ፣ በሜትር ለክቶ፣ አንኳኩቶ፣ ቆፍሮ ገመተው። እንዴት እንደተገመተ ሳልነግርህ ብቀር ሌላ የሚነግርህ የለም፤ የሚነግርህ ቢኖርም ጎረቤታችን ይመኙሻል ነች፣ እሷ ደግሞ ሁሉንም ራሷ እንዳደረገችው አድርጋ ነው የምታወራው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ያን መሠረት የቆፈርክበትን በጋ ታስታውሳለህ? እኔ አልረሳሁትም። እኛ ቆላዎቹ ቤት ስንሠራ እንጨት አቁመን ጭቃ እንመርጋለን። ዋልካው አፈር በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ በክረምት አብጦ ቤቱን ይገፋል፣ ቤቱም ያዘማል፤ ያን ጊዜ እንደግፈዋለን፣ ካልሆነም አፍርሰን እንደገና እናቆማለን። የአባቴም ቤት፣ የአያቴም ቤት እንዲህ ነበር። አንተ ግን ከላስታ ደጋ የመጣህ ሰው፣ ቤት ያዘማል የሚባል ነገር ሊገባህ አልቻለም። የዚህ አፈር ማለቂያው የት ነው ብለህ ጠየቅህ። ማንም አያውቅም። አካፋህን ይዘህ ልትፈልገው ወረድክ።

እኔ ዓለምን አዝዬ የማሽላ አገዳ ዳስ ሥር በጋውን ሙሉ ፀሐይ ጠበሰኝ፤ አንተ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያልክ ከዓይኔ ትሰወራለህ። መጀመሪያ ጉልበትህ፣ ከዚያ ወገብህ፣ ኋላማ የምትወረውረው አፈር ብቻ ነበር የሚታየኝ። አያ ይመር ከጎን ካለው ግቢያቸው ወጥተው ጠዋት ጠዋት አፋፉ ላይ ይቆሙና «ሲሳይ፣ ውኃው ደረሰ ወይ?» ይሉሃል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይስቃል። «ሲሳይ ጉድጓዱ» የሚለው ስም የወጣልህ ያኔ ነው። እኔም ተናድጄ ነበር፤ አሁን ሳስበው እንኳ ያ ንዴት ይገባኝ ነበር እላለሁ። አንተ ግን ሳትቆጣ፣ ሳትመልስ ቆፈርክ። አንድ ቀን ማታ ከጉድጓዱ ወጥተህ መዳፍህን ዘረጋህልኝ፤ ጠጠር ነበር። ወርቅ ያገኘህ ነበር የምትመስለው።

ከዚያ ደግሞ የድንጋዩ ነገር መጣ። እህል ጭነህ ጎብዬ ገበያ አድርሰህ ስትመለስ፣ አህዮቹ ባዶ ጀርባቸውን አይመለሱም ብለህ ከጎሊና ወንዝ ድንጋይ ትጭንባቸዋለህ። ሌላው ነጋዴ በአህያው ላይ ተቀምጦ እያንጎራጎረ ሲመለስ አንተ ከኋላ በእግርህ አቧራ ለብሰህ ትገባለህ። ማታ ማታ ደጃፍ ተቀምጠህ ትጠርባለህ። የመሮህ ድምፅ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር፤ አንተ ከሄድክ በኋላ ደግሞ ድምፁ በመጥፋቱ እንቅልፍ አጣሁ። ቤቱ ስንት ዓመት እንደፈጀ ሰው ሲጠይቀኝ ዓለምን አሳያለሁ። ስንጀምር ታዝላ ነበር፣ ጣሪያው ሲመታ ምስማር ታቀብልህ ነበር።

አሁን ባለፈው ዓመት ክረምት ጎርፉ ከተራራው ወርዶ ገበያውን አጥለቀለቀው። የማሽላ ጆንያ እየተንሳፈፈ ሄደ፣ የሰው ቤትም ፈረሰ። ማዘጋጃ ቤቱ ከተራራው ሥር ጀምሮ እስከ ሜዳው የሚወርድ ትልቅ ቦይ እንዲቆፈር ወሰነ። ጥሩ ነገር ነው ብለን አጨበጨብን። ኋላ ሰዎች ገመድ ይዘው መጥተው ቀጥ ያለ መስመር ዘረጉ፤ መስመሩ በአያ ይመር አጥር በኩል አልፎ በመሃል ሳሎናችን ገብቶ በጓዳ ወጣ። ግድግዳችን ላይ፣ ልክ ከበሩ አጠገብ፣ በቀይ ቀለም መስቀለኛ ምልክት አድርገው ሄዱ። ቤቱ ሲፈርስ ዳግመኛ የምትሞትብኝ መሰለኝ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ስብሰባ ጠርቶ ከደሴ ገማች እንደሚመጣና ቤቴን ክፍት አድርጌ እንድጠብቅ ነገረኝ። ለምን እንደሚገመት አላብራራም፣ እኔም አልጠየቅኩም፤ ጊዜው ብዙ የሚጠየቅበት ጊዜ አይደለም። ማታውኑ ይመኙሻል መጣች። መቼም ታውቃታለህ፣ ከእናቷ የወረሰችው ዋጃ ከተማ ያለው ቤት ትርፍ ነው ተብሎ የተወረሰባት ጎረቤታችን ነች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «አንቺዬ፣ የኔንም መጀመሪያ ለክተው ገምተው ነው የወሰዱት። ይህን ጥርብ ድንጋይ ካዩማ የደላው ነጋዴ ቤት ነው ብለው ቦታም ሳይሰጡ ያስወጡሻል። ደኸይተሽ ጠብቂያቸው» አለችኝ። እኔም ባሌ አህያ ነጂ ነበር ብል ማን ያምነኛል? ድንጋዩ ይመሰክርብኛል። ጭቃ ቤት ያላት ምስኪን መበለት ግን ቢያንስ በከተማው ዳር የምታርፍበት ቦታ አይነፍጓትም ብዬ አሰብኩ። ለአንዲት ልጄ ማደሪያ ማጣት ነበር የፈራሁት።

ያደረግነውን ስነግርህ እንዳትስቅ። ወይም ሳቅ፣ ምን አለበት። በማግሥቱ የእድራችን ሴቶች ተሰብስበው ጭቃ በጭድ አቦኩ። አንተ ስንት ዓመት የጠረብከውን ግድግዳ ከጠዋት እስከ ቀትር መረግነው። ቆርቆሮው ላይ የማሽላ አገዳ ከመርንበት። ሰማያዊውን መስኮት ነቅለን በጆንያ ጋረድነው። አያ ይመር ሳይቀሩ ፍየሎቻቸውን አበደሩንና ሳሎን ውስጥ አሰርናቸው። አንዷ ፍየል የጋብቻችንን ፎቶ በአንክሮ ስትመለከት አግኝቼ ወደ ግድግዳው አዞርኩት።

አንድ ነገር ብቻ አስቸገረን። ቀዩ ምልክት የመንግሥት ነው፤ የመንግሥትን ምልክት በጭቃ ማጥፋት ምን እንደሚያስከትል ስለማይታወቅ ማንም አልደፈረም። ተከራከርን፣ ተማከርን። በመጨረሻ ይመኙሻል ራሷ በጥንቃቄ ዙሪያውን እየመረገች ምልክቱን ሳትነካ ተወችው። ስለዚህ ቤታችን ከላይ እስከ ታች ጭቃ ሆኖ፣ ከበሩ አጠገብ የእንቅብ ክዳን የሚያህል አራት ማዕዘን ቦታ ላይ ብቻ ያማረ ጥርብ ድንጋይ፣ በድንጋዩም ላይ ቀይ መስቀል ይታይ ነበር። ያን ጊዜ ግን ከመካከላችን ይህ ነገር የታየው ሰው አልነበረም። ሥራችን አምሮልን እጃችንን ታጥበን ተቀመጥን።

ዓለም ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቤቱን አልፋው ሄደች። ከአያ ይመር አጥር ደርሳ ተመለሰችና በሩ ላይ ቆመች። ጭቃውን አየች፣ ፍየሎቹን አየች፣ እኔን አየች። «የአባዬ ቤትስ?» አለችኝ። ደብተሯን ይዛ ሎሚው ሥር ሄዳ ተቀመጠች። ያን ሌሊት ጭቃው እርጥብ እርጥብ እየሸተተኝ አደርኩ።

ገማቹ በማግሥቱ መጣ። ሸምገል ያለ ሰው ነው፣ ካኪ ለብሶ ባርኔጣ አድርጓል። ሊቀመንበሩና አካፋ የያዘ ሠራተኛ ተከትለውታል። ሰፈሩ እንደ ሠርግ ታዳሚ አጥሩን ከቦ ቆሟል። ገማቹ ቤቱን ከሩቅ አየው። ቀረብ ብሎ ያቺን አራት ማዕዘን አያት። ጣቱን ድንጋዩ ላይ አደረገ፣ ከዚያ ጭቃው ላይ አደረገ፤ ጣቱ እርጥብ ሆኖ ወጣ። ዞሮ ሁላችንንም ተመለከተን። ይመኙሻል ዓይኗን በጨው አጥባ «ድንጋይ ድሮ ቀረ ጌታዬ፣ ዘንድሮ የሚወደደው ጭቃ ነው» አለችው። ከውስጥ ፍየሏ ጮኸች።

ሰውዬው አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። «እኔ የምጽፈው የማየውን ነው» አለና ወረቀቱን ዘርግቶ፣ እርሳሱን ምራቁን አስነክቶ፣ የሚጽፈውን ጮክ ብሎ ለሊቀመንበሩ ማንበብ ጀመረ። የቤቱ ሠሪ፣ ሟች ሲሳይ። ግድግዳ፣ ጭቃ።

ሲሳዬ፣ ያን ጊዜ ምን እንደነካኝ እኔም አላውቅም። ቃሉን ሰምቼው ነው እንጂ ነገሩንማ ራሴ ያደረግኩት ነው። ግን ስምህና ጭቃ የሚለው ቃል አብረው ከሰው አፍ ሲወጡ ደሜ ፈላ። የተላጠው መዳፍህ፣ ከጎሊና በእግርህ የገባህበት አቧራ፣ ያ ሁሉ ፀሐይ፣ ያ ሁሉ መሳለቂያ ጭቃ ተብሎ ሊያልቅ? ቤቱን ቢወስዱትም ይውሰዱት፣ ግን ድንጋይ ብለው ይውሰዱት አልኩ። ለራሴ ያልኩት መስሎኝ ነበር፤ ጮክ ብዬ ተናግሬው ኖሯል። ሊቀመንበሩ ደንግጦ ወደኋላ አለ።

እንስራዬን አንስቼ ውኃውን በሙሉ ግድግዳው ላይ ቸለስኩት። ገና አልደረቀምና ጭቃው እየተላጠ ወረደ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ በእጄ ፋቅሁት። ይመኙሻል መጀመሪያ «ወየው፣ አበደች!» ብላ ጭንቅላቷን ያዘች። ከዚያ ትንሽ አየችኝና ሄዳ የራሷን እንስራ ይዛ መጣች። የመረጉት ሴቶች ሁሉ አንድ በአንድ ከየቤታቸው ውኃ እያመጡ አጠቡት። ዓለም ጣሪያ ላይ ወጥታ አገዳውን እየገፋች ጣለችው፣ ቆርቆሮው ሲያበራ ዓይን ያጠፋ ነበር። ድንጋዩ ታጥቦ ረጥቦ ሲወጣ፣ ማርያምን፣ ከሠራኸው ቀን ይልቅ አማረ። አለቀስኩ። እያለቀስኩም ሳቅሁ፣ ምክንያቱም ፍየሎቹ ተፈትተው በሕዝቡ መሃል ይሯሯጡ ነበር።

ገማቹ ባርኔጣውን አውልቆ ጨርሰን እስክንቆም ጠበቀን። ከዚያ በእርጋታ አስረዳን። እሱ የመጣው ሊወርስ አይደለም። መንግሥት ለቦዩ ብሎ ቤት ካፈረሰ ያንኑ የመሰለ ቤት ሠርቶ ማስረከብ አለበት፤ ስለዚህ ምን ዓይነት ቤት እንደሚፈርስ መጀመሪያ ማወቅ ያስፈልጋል። ጭቃ ከሆነ ጥቂት አጣና ከቆርቆሮ ጋር ሰጥተው ዳር ላይ ያሰፍሩናል፣ ቦዩም ቀጥ ብሎ ያልፋል። ድንጋይ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ማፍረሱ ይሻላል ወይስ ቦዩን በጀርባ ባለው ግጦሽ በኩል ማዞር የሚለው ይመዘናል። እኛ እኮ በገዛ እጃችን ቤታችንን ልናፈርስ ነበር! ይመኙሻል ይህን ስትሰማ መሬት ላይ ቁጢጥ አለች።

ከዚያ መሠረቱን ጠየቀኝ። ጥልቅ ነው አልኩት። ሁሉም እንደዚያ ይላል አለኝና ሠራተኛውን ማዕዘኑ ላይ እንዲቆፍር አዘዘው። ሰውዬው ሸሚዙን አውልቆ ገባበት። ድንጋይ ነው፣ ቀጠለ። አሁንም ድንጋይ ነው። ጉልበቱ ገባ፣ ወገቡ ገባ፣ እኔ የማውቀውን ነገር ሕዝቡ ሲያየው ቆሜ አየሁ። አያ ይመር ከዘራቸውን ይዘው አፋፉ ላይ ደረሱ፤ ልክ ያኔ የሚቆሙባት ቦታ። ስንት ዓመት የጠበቅኋት ቀን መጣችልኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ «አያ ይመር፣ ውኃው ደረሰ ወይ?» አልኳቸው። ያ ሁሉ ሕዝብ በሳቅ ፈነዳ። እሳቸውም ሳቁ፣ ከዚያ ግን ወደ ጉድጓዱ ትኩር ብለው አይተው «ሱብሃነላህ! አላህ ይዘንለት፤ እኔስ የዕውነት ውኃ የሚፈልግ መስሎኝ ነበር» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

ሠራተኛው ጠጠሩ ጋ ሲደርስ አካፋው ድምፁን ለወጠ። ገማቹ ቱንቢውን ከማዕዘኑ ላይ አንጠልጥሎ ለረጅም ጊዜ አየ። በዋልካ አፈር ላይ ቆሞ ይህን ያህል ዘመን ያልተነቃነቀ ግድግዳ ማየት ደስ እንደሚል ተናገረ። ቀድሞ የጻፈውን ሰርዞ አዲስ ጻፈ። አሳየኝ አልኩት። ማንበብ ትችያለሽ ወይ ሳይለኝ ወረቀቱን ዘረጋልኝ፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። ጣቴን ከፊደሉ ሥር አድርጌ አነበብኩት። ጥርብ ድንጋይ። ከስምህ አጠገብ። ለስኳር ብዬ የተማርኩት ፊደል ለዚህ ኖሯል የጠቀመኝ ብዬ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ውሳኔው ቶሎ አልመጣም። ግንቦት አለቀ፣ ሰኔም ጀመረ፣ ደመናው ከተራራው ጫፍ ይከመር ጀመር፤ ከላይ በኩል ቦዩን እየቆፈሩ ወደ እኛ እየቀረቡ ነበር። ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማየው ቀዩን ምልክት ነው። ዕቃዬን ልሸክፍ አስቤ ደግሞ እምቢ አልኩ። ዓለም አንድ ቀን ቢያፈርሱት ድንጋዩን በዳልቻ ጭነን ሌላ ቦታ እንሠራዋለን አለችኝ። የማን ልጅ መሆኗን ተመልከት።

አንድ እሑድ ለስብሰባ ተጠራን። ሊቀመንበሩ መጀመሪያ ስለ አብዮቱ፣ ከዚያ ስለ ጽዳት፣ ከዚያ ስለ ጠፋ በግ ተናገረ። የኔ ጉዳይ መጨረሻ ላይ ነበር። የሲሳይ ቤት ግምቱ ከፍ ያለ ሆኖ ስለተገኘ፣ አፍርሶ ከመተካት ቦዩን በጀርባው ማዞር ይቀልላል ተብሎ ተወስኗል አለ። መጀመሪያ እልል ያለችው ይመኙሻል ናት። ከዚያ አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ሊቀመንበሩ ስብሰባ የሚዘጋው በመፈክር ነው እንጂ በእልልታ አይደለም እያለ እጁን ቢያወናጭፍ የሚሰማው አጣ፤ በመጨረሻ እሱም ፈገግ አለ። አያ ይመር «የኔ ወንድም!» እያሉ ከዘራቸውን ወደ ላይ ይነቀንቁ ነበር። ያንተን ስም ነው የሚጠሩት፣ ሲሳይ፣ ያለ ጉድጓዱ፣ ስምህን ብቻ።

መቼም ቁፋሮው የሁሉም ግዴታ ነውና የደረሰኝን ቦታ በራሴ እጅ ቆፈርኩ። ለምኜ መታጠፊያው ላይ ነው የተመደብኩት። መሮህንና አካፋህን ይዤ ወጣሁ፤ እጄ ተላጠ። ማታ መዳፌን አይቼ የአንተ መዳፍ ትዝ አለኝ፣ ሆድ ባሰኝ፣ ደግሞ ኮራሁ።

ሐምሌ ላይ ትልቁ ጎርፍ መጣ። ቀን ነበር፣ ሰዉ ሁሉ ወጥቶ ያይ ነበር። ውኃው ከተራራው ግንድና አፈር ይዞ እያጓራ ወረደ፣ ቦዩን ሞላው፣ ወደ ቤታችን ቀጥ ብሎ መጣ። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ አረፋውን ወደ ላይ ረጨ፣ ታጠፈ፣ በጀርባችን አልፎ ወደ ሜዳው ሄደ። ገበያው ውስጥ አንዲት ጆንያ አልረጠበችም። እኔና ዓለም ግድግዳችንን ተደግፈን ቆመን አየነው፤ ግድግዳው ንቅንቅ አላለም።

ይመኙሻል ዛሬም ያቺን አራት ማዕዘን ትቼ ባልመርግ ኖሮ እያለች በየሄደችበት ታወራለች። እኔም እተውላታለሁ፣ የዋጃው ቤቷን ያጣች ሰው ይህን ያህል ብትደሰት አይበዛባትም። ሥራችን ፈጽሞ አልጠፋም፤ ከጣሪያው ሥር እጃችን ያልደረሰበት ትንሽ ጭቃ ደርቆ ተጣብቋል፣ ጭዱም ይታያል። ዓለም ልፋቀው ብትል ተይው አልኳት። የዚያን ቀን ሳቅ ማስታወሻ ነው። ቀዩን ምልክት ግን ሊቀመንበሩ ራሱ መጥቶ አጠፋው።

አሁን የዚህን ደብዳቤ ዋና ነገር ልንገርህ፣ እስካሁን ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው። ትናንት አንዲት ልጅ በሩ ላይ ቆመች። ከሩቅ አገር ወደ ጤና ጣቢያው አዲስ የተመደበች ነርስ ናት። ቤት ፈልጋ ሲያመላክቷት ከሲሳይ ጥምዝ አለፍ ብሎ ነው ብለዋታል፤ እና የሲሳይ ጥምዝ የቱ ጋ ነው ብላ ጠየቀችኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። ኋላ ግን ቦዩ የታጠፈበትን ቦታ ሰዉ እንዲህ እያለ እንደሚጠራው ተረዳሁ። ጋሪ ነጂው ይለዋል፣ ወደ ገበያ የሚወርደው ገበሬ ይለዋል፣ አንተን አይተው የማያውቁ ልጆች ቀጠሮ ሲሰጣጡ ይሉታል። እኔ ብቻ ሳልሰማ ቀርቼ ነው።

እዚሁ ነው አልኳት። ሲሳይ ማን ነው፣ አርበኛ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አህያ ነጂ ነበር፣ ባሌ ነው አልኳት። ውኃ አጠጥቻት፣ መታጠፊያውን እጇን ይዤ አሳየኋት፣ ከመጀመሪያው ጠጠር ጀምሬም ነገርኳት። አመሸችብኝ፣ እኔም አልቸኮልኩም።

እንዲህ ነው ሲሳዬ። እስካለሁ ድረስ ለጠየቀኝ ሁሉ እነግራለሁ፣ እኔ ስደክም ዓለም ትነግራለች። ማንም ባይጠይቅ እንኳ ዝናብ ሲመጣ ወጥቼ እቆማለሁ፤ ጎርፉ እስከ ቤታችን ደርሶ ላንተ መንገድ ሲለቅ አያለሁ።

የአንተው ብርቄ
ከቆቦ፣ ከሲሳይ ጥምዝ